ስለ ግራንት የተላከልኝ ቅጽ

ለልጄ ለኦወን፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ግራንት የጥብቅና ፈተናውን ወስዶ 267 አገኘ። የእኛዋ ፔንሲልቬንያ 270 ስለምትጠይቅ ወደቀ፤ ለኒውዮርክ ግን 266 ይበቃልና ውጤቱን ይዞ ወደዚያ አመለከተ። የቀረው የጠባይ ምስክርነት ነው። ምስክር ብሎ የሰጠው ደግሞ የሦስተኛ ክፍል መምህሩን፣ የእኔን ስም ነው። ድፍረቱን እይልኝ! «ድርሰቴን ገለበጠብኝ» ብሎ ከስሶህ ከኮሌጅ ከተባረርክ ዘጠኝ ዓመትህ፤ ይህን ቀን ስጠብቅ ኖሬአለሁ።

እናቱ ዶሪን ሱቅ ውስጥ አግኝታኝ፣ «መምህርት፣ መቼም ለልጄ ደግ ቃል አያጡም» አለችኝ።

«የሚገባውን አልነሳውም» አልኳት።

ቅጹን ሞላሁ። «ታማኝ ነው?» ለሚለው፣ «የጓደኛውን ድርሰት ገልብጦ ጓደኛውን ያስባረረ» ብዬ ጻፍኩ። ለማስረጃ ላያይዛቸው ያኔ ለክሱ የቀረቡትን ሁለቱን ድርሰቶቻችሁን አወጣሁ። በሁለቱም ላይ «ኔሰሰሪ» (አስፈላጊ) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በሁለት ኤስ ፈንታ በአንድ ኤስ ተጽፏል። ሁለታችሁንም ፊደል ያስቆጠርኩ እኔ ነኝ፤ ግራንት ያቺን ኤስ ሁልጊዜ ይገድፋል፣ አንተ አንድም ቀን ገድፈህ አታውቅም።

ቸኩለህ ይሆናል።

ቅጹ ዓርብ መድረስ አለበት። የድርሰትህ የመጀመሪያ ረቂቅ ካለህ ቶሎ ላክልኝ፣ አያይዘዋለሁ። እስኪደርሰኝ ፖስታውን አላሽግም።

ያለህበትን ቤት ሰላም ያድርግልህ።

እናትህ ቬርና