የጋሽ ውሃልክ ሕይወትና የአዳራሹ በር

በሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ውሃልክ እየተባሉ የሚጠሩት አጎታችን ከሰባ አንድ ዓመት በፊት ከድንጋይ ጠራቢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከዚህ ከቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሦስት መንገድ ወረድ ብሎ ባለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛው ነበሩ። እናታቸው "ይሄ ልጅ አፉን የሚከፍተው ሲበላ ብቻ ነው" ይሉ ነበር።

እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ያቋረጡት አባታቸው ከመሰላል ወድቀው አልጋ ላይ ስለዋሉ እንጂ "ትምህርት ጠልቶ ነው" እንደሚባለው አይደለም። ይህን የሚሉት ሰዎች ራሳቸውን ያውቃሉ።

በአሥራ አራት ዓመታቸው አናጢ ቤት ተቀጥረው መላጊያ መግፋት ጀመሩ፤ በሃያ ሦስት ዓመታቸው የራሳቸውን የበርና መስኮት መሥሪያ ከፈቱ። ቅጽል ስማቸውን ያገኙት እዚያ ነው። በውሃ ልክ ሳያዩ መደርደሪያ አይሰቅሉም። ለቅሶ ቤት ገብተው እንኳ ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ፎቶ ካዩ ሳያቃኑ አይቀመጡም ነበር።

በሃያ ሰባት ዓመታቸው፣ ያዘዙትን መስኮት ሁለት ጊዜ የመለሱባቸውን ደንበኛ አገቡ። ባለቤታቸው "ሦስተኛውን ከነሠሪው ተቀበልኩት" ይላሉ። ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ እናቷ የሞተችባትን የእህታቸውን ልጅ፣ የዚህን ጽሑፍ ጸሐፊ፣ ሦስተኛ ልጅ አድርገው አሳደጉ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት የቤተ ክርስቲያናችን የወንዶች ኅብረት አባል ነበሩ። ኅብረቱ ቅዳሜ ቅዳሜ የአቅመ ደካሞችን ጣሪያ ይጠግናል፤ የታመመ ይጠይቃል፤ ሰው ሲሞት አስከሬን ይሸከማል። የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ ከቤቱ ጌታ ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። አንድ ጊዜ "ይሄ ሰውዬ እኮ ምእመናችን አይደለም" ቢሏቸው "ዝናቡስ ጠይቆ ነው እንዴ የገባው?" ብለው መሰላሉን አቆሙ።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ኅብረቱ ይህን አዳራሽ በገዛ እጁ ሲሠራ በሩ ለእሳቸው ተሰጠ። የበሩ ቦታ በሚለካበት ዕለት ሜትሩ አሸዋ ሊያመጣ በሄደው መኪና ውስጥ ተረሳ። ወንዶቹም ከመካከላቸው ወፍራም የሆኑትን ዳቦ ጋጋሪ፣ ጋሽ በርሜልን፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ለበሩ በተተወው ክፍተት እንዲያልፉ አደረጉ። አለፉ፤ ተጨበጨበ። ጋሽ ውሃልክም በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ሳይለኩ ቆረጡ። ሰው ሁሉ በእግሩ የሚመጣ መስሏቸው ነበር።

ከአምስት ዓመት በፊት ባለቤታቸው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ ዊልቸር ላይ ዋሉ። በሩ ለዊልቸሩ በአራት ጣት ጠበበ። ከዚያ ወዲህ በጓሮ ዞረው፣ በዕቃ ማስቀመጫው በኩል፣ በመጥረጊያና በትርፍ ወንበሮች መካከል ይገቡ ነበር። እሳቸው አንድ ቀን አላማረሩም። ጋሽ ውሃልክ ግን "ሚስቴን በዕቃ በር አስገባኋት" እያሉ እህል አልዋጥላቸው አለ።

ግድግዳው የሁሉም ነውና ብቻቸውን አላፈረሱትም፤ ለኅብረቱ አመለከቱ። ኅብረቱም ተወያየ። ግድግዳው ይሰነጠቃል ያሉ ነበሩ። ሰብሳቢው፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ወደ ሰማይም የሚገባው በጠባብ በር ነው ብለው ተከራከሩ። ጋሽ ውሃልክ "የሰማዩን የለካው ያውቃል፤ የእኛን የለካው በርሜል ነው" አሏቸው። ሳቁና በይደር አቆዩት። ይደሩ አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ኅብረቱን እንወደዋለን፤ ሴቶች ቢሆኑ ግን ከምሳ በፊት ይጨርሱት ነበር።

ባለፉት አምስት ወራት የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። ሰብሳቢው ሊጠይቋቸው ሲመጡ ጋሽ ውሃልክ ከትራሳቸው ሥር የበሩን ልክ የጻፉበትን ወረቀት አወጡ። "እኔን በየትም አስገቡኝ፤ አላይም። እሷ ግን ከኋላዬ በጓሮ ዞራ እንዳትመጣ" አሉ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ይዘው ወጡ፤ ስብሰባ አልጠሩም።

ባለፈው ማክሰኞ ወንዶቹ ግድግዳውን ማፍረስ ጀመሩ። ድምፁ ሦስት መንገድ አልፎ አልጋቸው ድረስ ይሰማ ነበር። ጋሽ ውሃልክ ብዙ ካዳመጡ በኋላ "መዶሻውን የያዘው ሰው አያያዝ አያውቅም" አሉ፤ ፊታቸውም ፈታ አለ። በማግስቱ ረቡዕ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ አረፉ።

አዲሱ በር ትናንት ተገጠመ። በውሃ ልክ አይተነዋል፤ ቀጥ ያለ ነው። ዛሬ ስድስት የኅብረቱ ወንድሞቻቸው ጎን ለጎን እንደተሸከሙ ያስገቧቸዋል፤ ባለቤታቸውም ከኋላቸው፣ ዊልቸሩን ጋሽ በርሜል እየገፉ፣ በዚያው በር ይገባሉ። ቀለሙ አልደረቀም፤ እጅጌያችሁን ቢነካችሁ ቅር አይበላችሁ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆችንና አንዲት ታናሽ እህታቸውን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ደጁ ላይ ቆመው በሩን ሲለኩ ከዘገዩም ይታገሣቸው።