የተረፈው ሻይ

ለውድ አባቴ ለክላይቭ ፔንሃሎ
ብሮክን ሂል

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ቀኝ እጅህ እንዴት ናት? ማንኪያ መያዝ ጀመረች ወይስ አሁንም አኩርፋ ጭንህ ላይ ተኝታለች? ሳሉ ለቀቀህ? ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል? ያ የመስኮትህ መጋረጃስ ተሰቀለልህ? ስልክ ስደውል ከትንፋሽህ፣ ከ«እሺ»ና ከ«እምቢ» በቀር ስለማልሰማ ጥያቄዬን ሁሉ በወረቀት ልኬልሃለሁ። ስትሮኩ አንደበትህን ቢይዘውም ማንበብህን እንዳልነካው አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ከንቀት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም፤ እሱም ከአንተ የወረስኩት ስለሆነ መድኃኒት አልፈልግለትም።

የምጽፍልህ ስለ ፕሮፖዛሌ ነው። የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ትምህርቴ የመጨረሻ ዓመት ላይ ደርሷል። ውጤታችን ጥሩ የሆነ ጥቂት ተማሪዎች በማዕረግ የሚያስመርቅ ጥናት እንድንሠራ ተፈቅዶልናል። አስቀድሞ ግን ምን እንደምናጠና ጽፈን ሦስት ገምጋሚዎች ፊት መከራከር አለብን። ካልወደዱት ጥናቱ ይቀራል። የእኔ ጥያቄ አጭር ናት። መዋጥ የሚያስቸግረው ሰው ሻዩ ወደ ሳንባው እንዳይገባ በማወፈሪያ ዱቄት እንዲወፍር ይደረግለታል፤ ይህን የሚያዝዘው የእኔ ሙያ ነው። ታዲያ ሰዎቹ ያን የወፈረ ሻይ በእርግጥ ይጠጡታል ወይ? ከቀረበላቸውስ ምን ያህሉ ወደ ሆዳቸው ይወርዳል?

ጥያቄዋ ከየት እንደመጣች ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በጥር ሙቀት ምላስህ እንደ ቆዳ ደርቆ ሁለቴ ሆስፒታል ወስደው ግሉኮስ ሰቀሉልህ። ወዳለህበት የአረጋውያን መጦሪያ ብደውል ኃላፊዋ፣ «አባትሽ እኮ እምቢተኛ ነው። እናቀርብለታለን፣ አፉን ግጥም ያደርጋል። ምን እናድርገው?» አለችኝ። አንቺ ቀምሰሽው ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «እኔ? ምን በወጣኝ!» ብላ ሳቀች። ፕሮፖዛሉን መጻፍ የጀመርኩት ያን ዕለት ነው።

አማካሪዬ ዶክተር ፊሊፓ ትባላለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ለዓመታት ያጠራቀመችው የሕፃናት ድምፅ ቅጂ አላት፤ በየዓመቱ አንድ ተማሪ እየተቀመጠ ያንን እንዲያዳምጥላትና እንዲቆጥርላት ትፈልጋለች። የዘንድሮዋ ባለተራ እኔ እንድሆን ወስና ነበር። ሐሳቤን ስነግራት አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ርዕስሽ ልብ ይነካል። ልብ የሚነካ ነገር ግን ለመለካት አይመችም» አለች። ረቂቄን ስትመልስልኝ ጠርዙ ላይ፣ «መጠጣት ስትይ ምን ማለትሽ ነው?» ብላ ጽፋበታለች። ወደ አፍ አስገብቶ መዋጥ ማለቴ ነው ብዬ መለስኩ። በሚቀጥለው ሳምንት፣ «ምንጭ ጥቀሺ» የሚል ተጽፎበት መጣ። መጠጣት መዋጥ መሆኑን የሚመሰክርልኝ የተከበረ መጽሐፍ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ዋልኩ። አገኘሁለት፤ ሰው በዚህም ላይ ጽፏል።

ድምፅ ቆጠራው ለክፍል ጓደኛዬ ለታምሲን ደረሳት። ታምሲን ደስተኛ ናት። «አንቺ ሞኝ፣ የተሠራ ምሳ ቀርቦልሽ ሳለ ገና እንጨት ትለቅሚያለሽ» ትለኛለች። ስለ ምን እንደምታጠና ብጠይቃት፣ «ስለሚያልፍ ነገር ነዋ! ማወቅ የምትፈልጊውን ለማወቅ ዕድሜ ልክሽን አለሽ፤ ፕሮፖዛል የሚጻፈው እንዲያልፍ ነው» አለችኝ። ሁላችንም ከሞላ ጎደል እንዲህ ነን። ሰው ተናግሮ እንዲግባባ፣ በልቶ እንዲጠግብ እናግዛለን ብለን ገባን፤ አሁን ጭንቀታችን የገጹ ህዳግ ስፋትና የምንጭ አጠቃቀስ ሆኗል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ወቀጣው በሠንጠረዥ ይቀርባል።

ግምገማው ማክሰኞ ነበር። እንደምታውቀው እኛ ዘንድ ወደ ማንኛውም ስብሰባ በባዶ እጅ አይገባም፤ አቅራቢው ለሻይ ሰዓት የሚሆን አንድ ሰሃን ነገር ይዞ ይመጣል። ታምሲን ላሚንግተን የሚባለውን ኮኮናት የተነሰነሰበት ኬክ ጋግራ መጣች። እኔ ሻይ ይዤ ሄድኩ። አንድ በራድ ሙሉ አንተ የምትወደው ዓይነት ጥቁር ሻይ፣ አንድ ጆግ ደግሞ የዚያኑ ሻይ ዱቄት ጨምሬበት፤ በዱቄቱ ቆርቆሮ ላይ በታዘዘው ልክ፣ በአንተ መጦሪያ ውፍረት። ያታለልኩት ሰው የለም። «ይሄ ቀጭኑ ነው፤ ይሄኛው አባቴ በቀን በቀን የሚቀርብለት ነው። እባካችሁ ከሁለቱም ጠጡልኝ» ብዬ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሲኒ ቀዳሁ።

የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ፕሮፌሰር ሌጋት፣ «ጎበዝ! እንግዳ ተቀባይ ተመራማሪ እንወዳለን» አሉ። ከወፈረው አንዴ ፉት አሉና ወዲያው ላሚንግተን አነሱ፤ መራራ ሽሮፕ የተሰጠው ሕፃን ስኳር እንደሚሻማ። ፊሊፓም ከገምጋሚዎቹ አንዷ ናት። «ኧረ እኔ ስንት ዘመን ሳዝዘው የኖርኩትን፣ አውቀዋለሁ» ብላ ሲኒውን እንኳ አላነሳችውም። ሦስተኛዋ ዶክተር ኢንዲካ አዲስ የተቀጠረች ናት። ማንኪያውን ነክራ ስታነሳው ሻዩ ተንጠለጠለና እንደ ቀንድ አውጣ ቀስ ብሎ ወደ ሲኒው ተመለሰ። አየችው፣ ቀመሰችው፣ አስቀመጠችው። በራዱ ግን ዞሮ ዞሮ እንደገና ዞረ።

ጽሑፌን አቀረብኩ። ስጨርስ ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሐሳብሽ ደግ ነው፣ ሎዌና። ግን ያልተጠጣን ነገር በምን ትለኪዋለሽ? የታወቀ መሣሪያ የታል? እንዲህ ያለውን ጥናት ሰው ያልደፈረው መለኪያ አጥቶ ይመስለኛል» አሉ። ስለ መዋጥ ብዙ የጻፉ ሰው ናቸው፤ እኔም ተምሬበታለሁ። ያን ሁሉ ሲጽፉ የሰው ሲኒ ውስጥ ጎንበስ ብለው አይተው እንደማያውቁ ግን በዚያች ሰዓት ገባኝ። ተነስቼ የወፈረውን ሦስቱንም ሲኒ ሰበሰብኩና ፊታቸው ወደ ጆጉ መለስኩት። ሙጫ መሳይ ነገር ስለሆነ አይቸኩልም፤ ለማየት በቂ ጊዜ ነበራቸው። ጆጉ ይዤው እንደመጣሁት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከዚያ በራዱን አንስቼ ሰሃን ላይ ዘቀዘቅኩት። የሻይ ቅጠል ብቻ ወደቀ።

«መሣሪያዬ ይሄ ነው፤ ጆግ ይባላል» አልኩ። ታምሲን ከኋላ ሳቋ አመለጣትና ኮኮናቱ ትን አላት።

ፊሊፓ ፊቷ ቀላ። «ይሄ ድራማ እንጂ ጥናት አይደለም! እኛ እኮ ታማሚዎች አይደለንም። ጠምቶንም አይደለም የመጣነው» አለች። አባዬ፣ የምንቃትን ሰው እውነት ስትናገር አልክድባትም፤ ልክ ነበረች። እኔም፣ «ልክ ነዎት። እንግዲያው የጠማቸው ሰዎች ዘንድ ሄጄ ልለካ ፍቀዱልኝ» አልኳት። ዶክተር ኢንዲካ ዓይኗን ከጆጉ ሳትነቅል በቀስታ፣ «እኔ ጠምቶኝ ነበር» አለች።

አስወጡን፤ መክረው ጠሩን። አለፈ! ፕሮፌሰሩ ጨበጡኝና ሐሳቡ ለረጅም ጊዜ በውስጣቸው ሲመላለስ የቆየ መሆኑን ነገሩኝ። ይሄንንም ንቄ ተቀበልኩ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አደረጉብኝ፤ ጥናቱ አንተ ያለህበትን መጦሪያ እንዳይጨምር። ተመራማሪ የገዛ አባቷን ሲኒ አትለካም። ኮሪደር ላይ ቆሜ ተናደድኩ፣ ኋላ ሳስበው ግን እዚህም ልክ ናቸው። በአንተ ሲኒ ላይ የእኔ እጅ ሚዛን አይሆንም፤ ሳልለካው መልሱን ወስኛለሁ።

እንግዲህ ይህ ጥናት ለአንተ አይደርስልህም። ተለክቶ፣ ተጽፎ፣ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ እስኪወጣ አንተ ደርቀህ ታልቃለህ። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ተመራማሪነቴን ትቼ እንደ ልጅህ ሆኜ ለሐኪምህ ደወልኩ። አዋዋጥህ ስትሮኩ ከያዘህ ወዲህ እንደገና ታይቶ እንደሆነ ብጠይቀው ብዙ ፈላልጎ፣ «የጠየቀን ሰው የለም» አለኝ። አሁን የጠየቀ ሰው አለ። ሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ የመዋጥ ባለሙያ መጥታ ታይሃለች፤ እኔም እሁድ በአውቶቡስ እገባለሁ።

ከምርመራው በኋላ ሐኪሙ አንድ ነገር ይጠይቅሃል፤ እስከዚያ አስብበት። እውነቱን ሳልደብቅ ልንገርህ። ቀጭን ሻይ ወደ ሳንባህ ሊገባ ይችላል። ከገባ ሳንባ ምች ያመጣል፤ በአንተ ዕድሜ ሳንባ ምች ይገድላል። የወፈረው ከዚህ አደጋ ጥቂት ይጠብቅህ ይሆናል፤ ሲኒ ውስጥ ከቀረ ግን ማንንም አይጠብቅም። አደጋውን ሰምቶና ተረድቶ ምን እንደሚጠጣ የሚመርጠው ባለቤቱ ነው። ይህ መብትህ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ማንም አልነገረህም። አፍህን ስትገጥም ሐሳብህን እየተናገርክ እንደነበር የገባውም የለም። እኔ አልመርጥልህም። ከብዙ ቃል መካከል ስትሮኩ «እሺ»ንና «እምቢ»ን ትቶልሃል፤ ለሰኞ ሁለቱ ይበቁሃል። የትኛውንም ብትል የምቀዳልህ እኔ ነኝ፤ ቂምም አልይዝም።

በግራህ ለምትቀመጠው ለወይዘሮ ዶሪን ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የሠራችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኝ እንደሆነ ብትጠይቅህ ራስህን በአዎንታ ነቅንቅልኝ፣ ባይሆንም። ጥፍርህን ለምትቆርጥልህ ለነርስ ጆዝሊን ምስጋናዬ ይድረሳት። አልጋህ ላይ ለሚተኛው ለዚያ አንድ ዓይና ድመትም እንዲሁ። ለኃላፊዋ ሰላምታ የለኝም፤ ከጆጉ የተረፈውን ግን ይዤላት እመጣለሁ። ለጎረቤትህ ለስላቭኮ ልዩ ሰላምታ። ሰው ዞር ሲል ከራሱ ሲኒ እያጎነጨህ እንደሆነ ጆዝሊን ነግራኛለች። እስከ ሰኞ ይታገስ፤ ይህን መስመር አሳየው። ከዚያ ወዲያ ሻይ ከጠጣህ በራስህ ሲኒ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ሁሉም እያየህ ትጠጣለህ።

ልጅህ ሎዌና

አደሌድ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 2019