ዶሮዎቹ ቤታቸውን አላወቁም

አፉላ፣ ጥር 1978 ዓ.ም.

ውድ እናቴ፣

ነጠላሽን አዘቅዝቂ፤ ከባድ መርዶ ይዣለሁ። የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ሊዩ ባንግ አረፉ።

አይዞሽ፣ ከሞቱ ሁለት ሺህ ዓመት አልፏቸዋል። እኛን ያረዳችን ግን የዕብራይስጥ አስተማሪያችን ናት፣ ባለፈው ሳምንት።

ሰውየው የገበሬ ልጅ ነበር። ሥራ የማይወድ፣ በሰው የሚቀልድ፤ አባቱም የማይረባ ይለው ነበር። ይህን ስሰማ ዘመዴ መሰለኝ። ሳቂ እንጂ! በኋላ ተዋግቶ ነገሠ፤ ዘሩም አራት መቶ ዓመት ያህል ገዛ። አባቱን ቤተ መንግሥት ቢያስገባው ግን አባትየው ከፋው። ጎረቤቶቹና የሰፈሩ ዶሮ ማዋጋት ናፈቁት። ንጉሡ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ያንኑ መንደር አስመስሎ ሠራለት፤ ጎረቤቶቹን ከነዶሮዎቻቸው አመጣለት። ዶሮዎቹ መንገድ ላይ ሲለቀቁ እያንዳንዳቸው ቤታቸውን አውቀው ገቡ ይባላል።

እናቴ፣ እስካሁን የቀለድኩት የሚቀጥለውን ላለመጻፍ ነው። አባዬ እህል አቁሟል። አያቴን ጥለሽ መምጣት እንቢ ብለሽ አገር ቤት ከቀረሽ ወዲህ እየቀነሰ መጥቶ፣ አሁን እዚህ አፉላ ኢሊት የሚባለው ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሐኪሙም ፈርቶለታል።

እኔም እንደ ንጉሡ ላድርግ አልኩ። አያ ገበያውን፣ ያን አገር ቤት አጥር የምንጋራውን፣ ከከተማው ሌላ ሰፈር በአውቶቡስ አመጣሁት። ሁለት ዶሮም ገዝቼ ደረጃው ላይ ለቀቅኩ። አንዷ ሞሮኳዊቷ ጎረቤታችን ኩሽና ገባች። ሌላዋ አባዬ አልጋ ላይ ወጣች።

አባዬ ብድግ! «ገበያው! ዶሮህን ያዝ አላልኩህም?»

«ዶሮዬ ምን አደረገችህ?»

«ነጭ ሽንኩርቴን ጫረችው!»

«አራተኛ ፎቅ ላይ የምን ሽንኩርት ነው፣ አንተ ሽማግሌ?»

በደስታ ላብድ ነበር። ሲጮሁ ቆይተው ሁለቱም ድንገት ዞረው በሩን አዩ። ገባሽ? አገር ቤት እዚህ ላይ ሲደርሱ አንቺ ወጥተሽ «በቃችሁ!» ትያቸው ነበር። ጠበቁሽ። እኔ ድምፅሽን አስመስዬ «በቃችሁ!» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

አያ ገበያው ሊወጣ ሲል አባዬ፣ «ነገ ና፤ አልጨረስንም» አለው። ማታ ትንሽ ወተት ቀመሰ። ግን በጠብ ብቻ ስንት ቀን ይቆማል?

ከዚያ ወደዚህ የሚያመጣው መንገድ እንደተዘጋ አውቃለሁ፤ ነይ አልልም። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ድምፅሽን በካሴት ቀድተሽ ላኪልን። ረጅም አይሁን። ደግሞስ ያን ሁሉ መርዶ ብዬ አስደነገጥኩሽ እንጂ ነገሩ ትንሽ ነው፤ ሁለት ዶሮ ቤት ጠፋቸው፣ ለእኛ ደግሞ አንዲት «በቃችሁ» ጎደለችን።

የማይረባው ልጅሽ፣
ምንይችል