ነጠላዬ ጫፍ ላይ ያለው ሰው

ኅዳር ፮፣ ማለዳ

አሞሌውን ከጓዳ አውጥቼ ደጅ ደረደርኩ። እርጥበት ነክቶታል፤ ፀሐይ ይምታው። ከዚያ ወደ ወንዙ ወረድኩ፣ እንደ ልማዴ። ዛሬም ከኬላው በታች፣ ሸንበቆው ጋ፣ ጭቃው ላይ አዲስ የሰው ኮቴ አለ። ሹሙ ከላይ በር ዘግቶ ይለፍ ይጠይቃል፤ ከታች ያገር ሰው ይሻገራል። ሌባ ይሁን፣ ሽፍታ ይሁን፣ ሰላይ ይሁን ማን ያውቃል? ለሹሙ ነገርኩት። ጨውህን ሽጥ አለኝ። ደብተሬ፣ አንተስ ስሰድበው ዝም ብለህ ትሰማኛለህ።

ትናንት ያለፉት ግን ደስ ይላሉ። ከኦሞ ማዶ የመጡ የሲራራ ነጋዴዎች። ማር፣ ቡና፣ ቆዳ። ይለፋቸው ባለማኅተም፣ አንድ እንከን የለው። አለቃቸው ወግ አዋቂ ሰው ነው፤ ሙሽራ ይዟል። ተሸፋፍና በቅሎ ላይ ተቀምጣለች፣ ድምፅ የላትም። ሚስቴ ድንቅነሽ በቅል ውሃ አቀበለቻት። እስከ ገበያው ቀን ሾኔ እሰነብታለሁ አለኝ አለቃው። ውለዱ ክበዱ ብዬ ሸኘኋቸው። ሰው በሕግ ሲሄድ እንዴት ያምራል!

ኅዳር ፯፣ ከምሳ በኋላ

ያዝኩት! አንድ ሰው ከሸንበቆው ውስጥ እስከ ደረቱ ረጥቦ ወጣ። ቡሉኮ ለብሷል፣ ስንቅ የለው፣ ይለፍ የለው። በሕግ አምላክ! ብዬ ጮህኩ። ቢሮጥ አልደርስበትም ነበር፤ ጉልበቴ የት አለ። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

እየነዳሁ ወደ ኬላው። ሹሙ እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ ፈገግ አለ። ዳኛው ለመሬት ክርክር ሞርሲቶ ሄደዋል። እስኪመለሱ ቁራኛ ትሆናላችሁ አለን። ኧረ ጉድ! በንዴት ሳሳድድ ይሄን እንዴት ዘነጋሁት? የገዛ አገሬ ሕግ! ከሳሽ ዞር እንዳይል፣ ተከሳሽ እንዳያመልጥ፣ ልብሳቸው ተቋጥሮ ዳኛ እስኪቀመጥ አብረው ውለው አብረው ያድራሉ። የነጠላዬን ጫፍ ከሰውየው ቡሉኮ ጋር ቋጠረው፤ ቋጠሮውን በሰም አተመው። የፈታ ጥፋተኛ ነው።

አሁን አጠገቤ ተቀምጧል። ብዕሩን ያያል። ምን አባቴ ላድርግ?

ኅዳር ፱

ወይ ጣጣ። ሜዳ ስወጣ አብሮኝ። ሱቅ ስገባ አብሮኝ። መደብ ላይ ጎን ለጎን እናድራለን። ድንቅነሽ አልጋውን ብቻዋን ይዛ፣ እንዲህ ተመችቶኝ አላውቅም ትላለች። ትሳቅ! ገበያተኛው ሁሉ ጨው ሊገዛ ሳይሆን እኛን ሊያይ ይመጣል። የከምባታ ሴቶች በቋንቋቸው አንድ ነገር ይሉና ይሳሳቃሉ። ስለ እኔ ነው፣ ሌላ ስለማን ይሆናል።

ስሙ አንጁሎ ነው። አማርኛው ቁርጥራጭ። ያቀረብንለትን ቆጮ ይበላል፣ ያመሰግናል፣ ዝም ይላል። ሸክም ሲከብደኝ ሳልጠይቀው ያነሳልኛል። ይሄም አናደደኝ። ሰላይ እንደዚህ ነው፣ ይለማመጣል።

አንድ ነገር ግን አላማረኝም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ነጠላዬን ይስባል። ደጅ ይወስደኛል። ቆሞ የሾኔን መንገድ ያያል። ከዚያ መንገድ ምን ይጠብቃል? ከማን ጋር ተቀጣጥሯል? እንቅልፍ የለኝም።

ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል

ከቅጽሩ ውጭ ነው የዋልኩት። እሱ አልተጠመቀም፣ አይገባም፤ እሱ ካልገባ እኔም አልገባም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የኅዳር ሚካኤልን ውጭ ቆሜ አሳልፌ አላውቅም። ታቦቱ ሲወጣ እልልታውን ከግንብ ጀርባ ሰማሁ። ጎረቤቶቼ ሲያልፉ አንገታቸውን ያዞራሉ። ቤት እንደገባን ፈነዳሁ። ምን ልትሠራ ነው አገራችን የመጣኸው? ማን ላከህ? ጮህኩበት፣ ቋጠሮውን ይዤ ነቀነቅኩት።

ሰውየው አለቀሰ። ሽበት ያለው ወንድ፣ እንደ ልጅ።

ከዚያ ተናገረ፣ ቃል እየፈለገ። እህት አለችው፣ ባሎቴ። ውሃ ልትቀዳ እንደወረደች ሰዎች አፈኗት። ዱካቸውን ተከትሎ ኦሞ ደረሰ። ኬላው ይለፍ አምጣ አለው። ይለፍ የሚሰጠው ያገሩ ባላባት ነው፤ ባላባቱ ደግሞ የአፋኞቹ ሸሪክ። ስለዚህ አዞ ባለበት ዋኝቶ ተሻገረ፤ ወዲህ ደግሞ በሸንበቆው። ምልክቷን ነገረን። ልጅ ሆና እሳት አቃጥሏት የግራ እጇ ትንሿ ጣት አትታጠፍም።

ድንቅነሽ የያዘችውን ሳህን ጣለች።

ሙሽራይቱ! ቅሉን ስትቀበላት አይታዋለች። ጣቷ እንደ እንጨት ቀጥ ብላ ነበር። ውሃውን አልጠጣችም፤ ቅሉን ይዛ ድንቅነሽን ብቻ ታያት ነበር። ድንቅነሽ ሙሽራ ስለሆነች አፍራ ነው ብላ ተወቻት።

ለምን እስካሁን አልነገርከኝም አልኩት። «ያንተ ሰዎች መስለውኝ ነው ጌታዬ» አለ። ሰዎቹ እዚህ ቤት ውሃ ጠጥተው፣ ተመርቀው እንደሄዱ መንገድ ላይ ሰምቷል።

ውለዱ ክበዱ ብያለሁ፣ ደብተሬ። ከላይ ተጽፏል። ልፍቀው ብዬ ቢላ አንስቼ ነበር። ይቆይ፣ ልየው።

ኅዳር ፲፫

ሁለታችንም ወደ ሹሙ። ነገርኩት። ሰው መሸጥ መለወጥ ክልክል ነው ተብሎ ነጋሪት ሲጎሰም እኔም አንተም ገበያው መሃል ነበርን አልኩት። ማኅተማቸው ደህና ነበር አለ። በቅሎዋ ላይ ማን እንዳለ ጠይቀሃል? አልኩት። ይለፉ ሙሽራ ይላል አለ። አንጁሎ ልክሰስ አለ። ይለፍ የሌለው አይከስም! አለ ሹሙ።

ስንመለስ ሸንበቆው ጋ ቆምኩ። አዲስ ኮቴ አለ። አሁንም ያሳስበኛል፣ አልዋሽህም። ግን ሌላ ነገር ጨመረብኝ፦ ሌባው በበሩ ነው የገባው፣ እኔም መርቄ አሳለፍኩት። የሾኔ ገበያ ደርሷል። አንዴ ከተሸጠች ማን ያገኛታል? እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። አንጁሎም አብሮኝ ይቀመጣል፣ ይነሳል።

ኅዳር ፲፬፣ ከሰዓት በኋላ

ዳኛው መጡ። ዝግባው ሥር ተቀመጡ። ክስህን ተናገር አሉኝ። ትቼዋለሁ አልኩ፤ ለዚህ ሰው ዋሱ እኔ ነኝ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ሹሙ መሬት መሬት ያያል። ሰሙ ተሰበረ፣ ቋጠሮው ተፈታ።

አልሄድኩም። የሲራራውን አለቃ እከሳለሁ አልኩ። ሰውየው ትልልቅ ዘመድ አለው፣ ጠመንጃ የያዘ ሎሌ አለው አሉኝ ዳኛው። ጉዳዩ አዲስ አበባ ሊደርስ ይችላል። እስከዚያ ሕጉን ታውቀዋለህ አሉ። ከማን ጋር እንደምታድር አስብ።

አሰብኩ። እፈራለሁ፣ ደብተሬ። ግን ሌላ ማን ይከሳል? አንጁሎን አይሰሙትም። ዳኛው አንድ ወታደር ሰጡን፤ እሱም ሳል ይዞታል።

በቅሎ ተውሰናል። አሁኑኑ እንነሳለን፣ በአዲሎ በኩል፣ ከገበያው በፊት ሾኔ። አንጁሎ እህቱን ያሳየኛል። በሕግ አምላክ የምለው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የምበላውም የማድረውም ከሲራራው አለቃ ጋር ተቋጥሬ ነው።

ነጠላዬ ለቋጠሮ ሳስቷል፤ ድንቅነሽን ጋቢዬን አውጪልኝ አልኳት። እያለቀሰች አወጣችው። ጫፉን በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው፣ ደግማ ጎተተችው። ይይዛል አለች።