ሐዋ እናቷን ያየችበት ቀን
አሶሳ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓ.ም.

ዕውር ሆና የተወለደችው ሐዋ ዛሬ አየች! የማስተረጉምለት ፈረንጅ ሐኪም የዓይኗን ሞራ ገፎላት ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ጨርቁን ፈታላት።

ሐኪሙ የአገሩ ፈላስፎች በአንድ ጥያቄ ሲከራከሩ ኖረዋል አለኝ። ነገርን በመዳሰስ ብቻ የሚያውቅ ዕውር ዓይኑ ቢበራለት፣ ሳይነካ ይለየዋል ወይ? እኔ ነፍስ ታውቀዋለች አልኩ። እሱ ግን ዓይንም መማር አለበት አለ።

ቅልና አሞሌ ጨው ፊቷ አስቀመጥን።

«ቅሉ የትኛው ነው?» አልኳት።

ዓይኗ ከአንዱ ወደ ሌላው ተንከራተተ። «አላውቅም» አለች። ጎረቤቶቿ አልዳነችም ብለው አጉረመረሙ፤ እናቷም አለቀሰች። ሐዋ ግን ሁለቱንም ዳሰሰችና ሳቀች።

«ይሄ ቅል! ይሄ ጨው!»

ከዚያ በኋላ ቦታቸውን ብንለዋውጠውም ሳትነካ ለየቻቸው። ሐኪሙ ከደስታው ብዛት አቀፈኝ። እኔም በመረታቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እናቷ ልታናግራት ስትጠጋ ሐዋ በበርታ ቋንቋ «ዝም በይ» አለቻት። የእናቷን ፊት በጣቶቿ ዳሰሰች። ቀጥላም እጇን መልሳ በዓይኗ ብቻ ረጅም ጊዜ ተመለከተቻት።

«አሁን አወቅሁሽ፣ እማዬ።»

እናቲቱ «አልሐምዱሊላህ» እያለች ተንበረከከች፤ እልልታው ገበያው ድረስ ተሰማ።