ከጣሪያችን በላይ ያለው ልብስ ሰፊ

ይድረስ ለፌንጣዬ፣ ቁጭ ብላ መብላት ሳትማር ለአቅመ ደመወዝ ለደረሰችው የልጅ ልጄ።

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? ያ ብርድ በነካሽ ቁጥር የሚያስቸግርሽ ጉሮሮሽስ ተሻለው? ምግብ በሰዓቱ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ቆመሽ ጎርሰሽ ትሮጫለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አያትሽ ደህና ናት፤ ደህና መሆኗን የማውቀው ከጠዋት እስከ ማታ ስለምትቆጣኝ ነው። አንድ ቀን ዝም ካለች ሐኪም እጠራላታለሁ። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ከማለቱ በቀር ምንም አልሆንኩም። ጥርሶቼም ደህና ናቸው፤ ያሉት ማለቴ ነው።

አባትሽ የምሰፋባትን የፊት ለፊቷን ክፍል ሊዘጋት መሆኑን በስልክ ነግሮሽ፣ አንቺም ደንግጠሽ «አያቴ፣ መስፋት ተውክ እንዴ?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። የአባትሽን ነገር ታውቂያለሽ። የቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ የሚንጠባጠብ ነገር ካየ መዝጋት ብቻ ነው የሚታየው። ነገሩን ከሥሩ ላጫውትሽና አንቺው ፍረጂ። ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ቆመሽ ከሆነ አልጽፍም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከበላያችን ያለው ቤት ውስጥ አዲስ ተከራዮች ገቡ። ሲገቡ አላየናቸውም፤ ሰማናቸው እንጂ። እኔ ጠዋት ሥራ ስጀምር ጣሪያውም ይጀምራል። ጠክ ጠክ፣ ጠክ ጠክ፤ ጥቂት ያርፍና እንደገና ጠክ ጠክ። አንድ ቀን እራት ላይ ነገሩ ተነሳ። አባትሽ ያፉን ሳይውጥ፣ አየር የገባበት ቧንቧ ነው አለ። እናትሽ ቀኑን ሙሉ መዋዕለ ሕፃናት ውላ የመጣች ናትና፣ የለም፣ ገመድ የሚዘል ልጅ ነው፣ ያውም ጫማውን ያላወለቀ ባለጌ፣ አለች። አያትሽ ደግሞ ከወጥ ቤት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ ሴትየዋ ነጭ ሽንኩርት እየወቀጠች ነው፤ አወቃቀጧም የሰነፍ ነው፣ አለችን። እኔ በሦስቱም ሳቅሁባቸው። ዕድሜውን ሁሉ የስፌት መኪና ፔዳል ሲረግጥ የኖረ ሰው የፔዳል ድምፅ ይጠፋዋል? ከጣሪያችን በላይ ልብስ ሰፊ ገብቷል፣ ያውም አናቴ ላይ ተቀምጦ ደንበኞቼን ሊነጥቀኝ ነው፣ ብዬ ፈረድኩ።

ከዚያ ወዲያ ማስረጃው በገዛ እግሩ እየሄደ መጣልኝ። ደረጃው ላይ ነጭ ክር ወድቆ አየሁ። ሴቶች ጥቅል ይዘው ሲወጡ፣ ባዶ እጃቸውን ሲወርዱ አየሁ። አንዱ ሰውዬ ሲወርድ ሱሪው አዲስ የተተኮሰ ነበር፤ ይኸው፣ ከዚያ ነው ያሰፋው አልኩ። በዚያ ደረጃ ሰው ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ነው፣ ጥቅልም ሲያዝ የኖረ ነው። እኔ ግን እስከዚያ ሰሞን ድረስ አንዱንም አይቼው አላውቅም ነበር። ደንበኛ በዘገየ ቁጥር ጣሪያውን አያለሁ። አያትሽ «አንተ ሰውዬ፣ ጨርቁን እይ! ጣሪያው አይለበስ!» ትለኛለች። እኔ አንገቴን እንደ ቀጭኔ ቀስሬ፣ አሁን ኮሌታ እየሰፋ ነው፣ አሁን ደግሞ ክር እየቀየረ ነው፣ እላለሁ።

የፖስተኛው ኮት የተሰፋው እንግዲህ በዚያ ሰሞን ነው። ጆሮዬ ላይኛው ቤት፣ እጄ ታችኛው ቤት ሆኖ፣ ጨርቁን ሳላገለብጥ ሁለት ጊዜ ቆረጥኩትና ሁለቱም እጅጌ የግራ ሆነ። ፖስተኛው ሲለብሰው ግራ እጁ እንደ ሰው ወደ ፊት ሄደ፤ ቀኙ ግን ከኋላው የሚመጣ ሰው ሊጨብጥ ይመስል ወደ ኋላ ዞረ። ጨዋ ሰው ነውና «አባባ፣ ትንሽ ያዝ አደረገኝ መሰለኝ» ብቻ አለኝ። አያትሽ ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አባትሽ ግን አልሳቀም። ከዚያ በፊት አንድ ቀሚስ ዚፑ ተገልብጦ ተመልሶብኝ ነበር። «አባዬ፣ ደክሞሃል። ይህ ኮት ተስተካክሎ ካልሄደ ክፍሏን ሳሎን አደርጋታለሁ፤ የስፌት መኪናውም ዕቃ ቤት ይገባል» አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ስሜ ሰፈር ውስጥ መሳቂያ እንዳይሆን ብሎ ነው። ግን ፌንጣዬ፣ ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ ሽማግሌ ምን ይሠራል? እንግዳ ሲመጣ ይታያል፤ እንግዳው ሲሄድ ይረሳል።

ጥፋቱን ግን ለራሴ አልሰጠሁም፤ ላይኛው ሰፊ እያለ ለምን ብዬ! እጅ ከፍንጅ ልይዘው ቆረጥኩ። የራሴን ደህና ሱሪ በገዛ መቀሴ ተረተርኩት። የአባትሽን ኮፍያ ደፍቼ፣ የእናትሽን ጥቁር መነጽር አድርጌ ስወጣ አያትሽ ያዘችኝ። የት ነው ስትለኝ፣ ሐኪም ቤት አልኳት። ክንዴ ላይ ያለውን አየችና «ሱሪህን ነው ያመመው?» ብላ ሄደች።

የላይኛውን ቤት በር የከፈተችልኝ ፊቷ የደከመ፣ አፏ ግን ያልደከመ ሴት ናት። ድምፄን አቅጥኜ፣ እዚህ ልብስ ይሰፋል ሲሉ ሰምቼ ሱሪ ላሰፋ መጥቼ ነው አልኳት። «ኧረ አባባ፣ ተሳስተው ነው! ሰፊው ከታች ነው» አለችኝ። «እጃቸው ጥሩ ነው ይላሉ፤ ብቻ ሰሞኑን ቀልባቸው የለም አሉ። ለፖስተኛው ሁለት ግራ እጅጌ ሰፍተውለት የሰፈሩ ሰው ሲስቅ ነው የሰነበተው። እኔም የባሌን ሱሪ ላሳጥር ልወስድላቸው ብዬ ፈርቼ ተውኩት። እርስዎም ይቆዩ ትንሽ።» ፌንጣዬ፣ ኮፍያውን ወደ ዓይኔ ዝቅ አደረግሁት። ደንበኞቼን የነጠቀኝ ሰውዬ በመጨረሻ ተገኘ፤ የልጁን ኮፍያ ደፍቶ በሩ ላይ ቆሟል!

ከውስጥ ጠክ ጠኩ ቀጥሏል። ድምፄን ማቅጠን ረስቼ፣ ይሄ ታዲያ ምንድን ነው አልኳት። «ባለቤቴ ነው፤ ይግቡ» አለችኝ። አንድ እንደ ቁም ሣጥን የገዘፈ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል። የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ገና መዳኑ ነው። ሐኪሙ፣ እግርህ እንዳይደርቅ እንዲህ አድርግ ብሎት፣ በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ላይ ጣውላ አጋድመውለት አንዴ በተረከዙ አንዴ በጣቱ ይጫነዋል። ጣውላው ወዲህና ወዲያ ወለሉን ሲመታ ነው ለእኔ ኮሌታ የሚሰፋው። ደረጃው ላይ ያየሁት ክር የፋሻው ነበር። ጥቅል የያዙት ሴቶች ሊጠይቁት የሚመጡ፣ ምግብ የሚያመላልሱ ዘመዶቹ ናቸው። «አባባ፣ ቀኑን ሙሉ እነዳለሁ፤ ግን የትም አልደርስም» አለኝ ሹፌሩ። ኮፍያዬን አወለቅሁና፣ የታችኛው ሰፊ እኔ ነኝ አልኩ። ሚስቱ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። እሱ ጣውላው ከእግሩ ሥር እስኪሸሽ ድረስ ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት ጣሪያው ጀመረ። ያው ጣሪያ ነው፣ ያው ጠክ ጠክ ነው። ልብስ ሰፊው ግን የለም! ጆሮዬን ቀስሬ ፈለግሁት፤ ሆን ብዬ ፔዳል ነው ልል ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። የሚሰማኝ የአንድ ትልቅ ሰው እግር ነው፤ ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት። ሲያርፍ አመመው ይሆን እላለሁ፤ ሲቀጥል እሰይ፣ በርታ እላለሁ። ከላይ የወረደልኝ ትንሽ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የቀረውን ቆርጬ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ልኩንም የወሰድኩት ከራሴ ነው። አንቺም አብራሽ የምትኖረዋ ልጅ በር የምታላጋው ሆን ብላ እኔን ለማናደድ ነው ብለሽ ጽፈሻል። ይሆናል፤ ሰው አይታመንም። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ግን ከመጣላቴ በፊት ሱሪ ተርትሬ አንኳኳ ነበር። ለአያትሽ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ግን አልተሸነፈችም፤ «እግርም ከሆነ የሰነፍ እግር ነው» አለች።

ኮቱ ግን ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ የአባትሽም ቃል እንደዚያው። ጉልበቴ ደግሞ ትንሽ ከረገጥኩ ያምፅብኛል። ስለዚህ ወደ ላይ ቤት ወጥቼ ሹፌሩን፣ ለምን ዝም ብለህ ጣውላ ትረግጣለህ፣ ወርደህ የሚጠቅም ነገር ርገጥ አልኩት። ሐኪሙን አስጠየቀ፤ ካላመመው ይሁን ተባለ። የሚስቱን ትከሻ ይዞ ወረደ። ከጎኔ ተቀመጠና ያን ትልቅ እግሩን ፔዳሉ ላይ ጫነ፤ እኔ ጨርቁን ያዝኩ። መጀመሪያ ላይ መርፌው ሊበር ደርሶ ነበር። ቀስ በል እንጂ፣ ቁልቁለት አይደለም፣ ስለው፣ «መሪው እርስዎ ጋ ነው፤ እኔን አይውቀሱኝ» ይለኛል። ይባስ ብሎ ዓይኔ ወደ መስኮቱ ሸርተት ካለ እግሩን ያቆማል። ምነው ስለው፣ ዓይንዎ መንገዱን ሲለቅ አልነዳም ይላል። አያትሽ ስንት ዓመት ስትጮህበት የኖረችውን እሱ በእግሩ ጨረሰው። አሁን ጨርቅ ሳይ ጨርቅ ብቻ ነው የማየው። ከመርፌው ሥር ክሩ ሲተኛ ምን ያህል እንደሚያምር ለካ ረስቼው ኖሯል።

ለቀኙ እጅጌ ጨርቁን ገልብጬ ቆረጥኩ። ከመስፋታችን በፊት ሁለቱን እጅጌዎች ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት አስተኝተን እኔ፣ ሹፌሩና አያትሽ ቆመን አየናቸው። እንደ ተጣላ ባልና ሚስት ጀርባ እንዳይሰጣጡ ነው። ፖስተኛው ትናንት መጣ። አባትሽ እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆሟል። ክፍሏን በዓይኑ ሲለካት አየሁት፤ ሶፋው የት እንደሚቀመጥ ሁሉ ያሰበ መሰለኝ። ፖስተኛው ለበሰ። ሁለቱም እጆቹ ወደ ፊት ሄዱ። ቀኙን አነሳ፣ አወረደ፣ አጠፈ፣ ዘረጋና እንደ ዘረጋው የአባትሽን እጅ ጨበጠው። ሹፌሩ ከወንበሩ ሆኖ በአፉ ጡሩምባ ነፋ።

አባትሽ እጁን አስለቀቀና ወጣ። ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ሰማሁ። በቃ፣ ለመኪናዬ ቦታ እያዘጋጀ ነው ብዬ መርፌውን መንቀል ጀመርኩ። ለካ ጆሮዬ አሁንም ከልማዱ አልተፋታም! ጉልበቱ ላይ የተቀደደውን የሥራ ሱሪውን ይዞ ተመለሰና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። «ለሰኞ ይደርሳል?» አለኝ።

ተራህን ጠብቅ አልኩት።

አያትሽ እጅግ አድርጋ ትስምሻለች፤ ወፍራም ካልሲ አድርጊ ብላለች። አባትሽ ደህና ሁኚ ይልሻል፤ በስልክ የነገርኳትን እርሺው በላት ብሎኛል፤ ራሱ ለማለት አፍሮ ነው። እናትሽ ከነተማሪዎቿ ጫጫታ ሰላም ትልሻለች። ታናሽ ወንድምሽ ሰላም ብሏል፤ ጫማ ላኪልኝም ብሏል፤ ሁለተኛውን አልሰማሁም። ሹፌሩና ሚስቱም ሳያውቁሽ ናፍቀውሻል፤ የሱሪው እግርም አጥሮለታል። አብራሽ ለምትኖረዋ ባለ በሯ ልጅም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እኔማ ሺህ ጊዜ እስምሻለሁ። ሰውዬው እግሩን ፔዳሉ ላይ ጭኖ፣ እንሂድ እንጂ አባባ እያለ ስለሚነዘንዘኝ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

የሚወድሽ አያትሽ፣ ልብስ ሰፊው

ከፊት ለፊቷ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን