ወንፊቱ ያስቀረው

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለባለቤቴ እናት፤

እማማ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ያ የቤትዎ ደረጃ እንዳይጎዳዎት ሁልጊዜ እሰጋለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው። ሐሳቤ ግን ደህና አይደለም፤ ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ባለፈው ስንገናኝ ስለ ሥራዬ ስነግርዎት ስቀውብኝ ነበር። ከበቆሎ ፌስታል እንሠራለን፣ ፌስታሉም እንደ ልጣጭ ይበሰብሳል ስልዎት፣ እኔ በቆሎ አምሮኝ እናንተ ለቆሻሻ ታለብሱታላችሁ ወይ አሉኝ። እውነቱን ልንገርዎትና እኔም መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። መቼም ሲፈጥረኝ ተጠራጣሪ ነኝ። አንዱን ፌስታል ደብቄ ወሰድኩና ከቤቴ ጀርባ ቀበርኩት፤ በየሳምንቱ እየቆፈርኩ አየሁት። በሦስተኛው ወር ብፈልግ ብፈልግ የለም። አፍሬ ጉድጓዱን ደፈንኩት። ዛሬ ከቤቴ የሚወጣው ቆሻሻ በወር ከአንድ እፍኝ አይበልጥም፤ የቀረው ከነፌስታሉ አፈር ሆኖ ጎመኑ ሥር ይገባል።

ፌስታሉን ለገበያ ከማውጣታችን በፊት በሰው ቤት እንሞክረዋለን። ሰዎቹ ልጣጭና ትርፍራፊ ይሞሉበታል፣ ባልዲ ውስጥ ከአፈር ጋር ይከድኑታል፤ ከሦስት ወር በኋላ ሾፌራችን ባልዲውን ያመጣና የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች በወንፊት ይነፉታል። ኃላፊያችን ብቻውን የሚኖር ሰው ሲፈልግ እኔ ባሌን ጠቆምኩ። ብቻውን በመኖር ከእርስዎ ልጅ ማን ይቀድማል? አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ ሩቅ ከተማ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል! ቅጹ ላይም የቤተሰቡን ብዛት አንድ ብሎ በገዛ እጁ ሞልቷል።

ሃምሳ ፌስታል ላክንለት። ለአንድ ሰው ግማሽ ዓመት ይበቃል። በሁለተኛው ወር አልቆብኛል ብሎ ሌላ ሃምሳ አስላከ። ያኔ ነገሩ ትንሽ ከነከነኝ፤ ግን ምስኪን፣ ራሱ ማብሰል ጀምሮ ይሆናል ብዬ እንዲያውም አንጀቴን በላኝ። ሞኝነቴን ይዩልኝ።

ባለፈው ሰኞ ባልዲው መጣ። ልጅዎ ያላወቀው አንድ ነገር አለ። እኔ ፌስታል ከሚሠራው ማሽን ተነስቼ ወደ ወንፊቱ ከተዛወርኩ ሁለት ወሬ ነው። ሚስቴ ቆሻሻ ነፊ ሆነች ብሎ ቅር እንዳይለው ብዬ ሳልነግረው ቀረሁ።

ነፋሁት። ፌስታሉ የለም፣ ቅዳጅ እንኳ አልተገኘም። ኃላፊያችን ደስ ብሎት ሌሎቹን ጠርቶ አሳያቸው። ወንፊቱ ላይ የሚቀረው የማይበሰብስ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን እየለቀሙ መጻፍ የእኔ ሥራ ነው። መጀመሪያ የጡጦ ጫፍ አገኘሁ፣ በጥርስ የታኘከ። የጎረቤት ልጅ ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ትንሽ ሮዝ የፀጉር ማስያዣ። ከዚያ አንድ እግር ካልሲ፣ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማይበልጥ። ከናይለን ክር የተሠራ ስለሆነ አፈሩ ምንም አላደረገውም። መዝገቡ ላይ ሁለቱን ጻፍኩ፤ ካልሲውን ግን ኪሴ ከተትኩት።

ቤት ወስጄ በሳሙና ሳጥበው የተረከዙ አሠራር ጥርት ብሎ ታየ። ሁለት ዙር በሌላ ቀለም ክር፣ ከላይ ደግሞ ለመስቀያ የምትሆን ትንሽ ቀለበት። ያን ጊዜ እግሬ ላይ የነበረው እርስዎ በእጅዎ ሠርተው የሰጡኝ አረንጓዴ ካልሲ ነው። አወለቅኩት፣ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ ተረከዙም ቀለበቱም አንድ ነው።

እማማ፣ ባለፈው ዓመት እሱ ጋ ሁለት ወር ቆይተው ሲመለሱ፣ ወገቡን አሞት ሳስታምመው ከረምኩ ብለውኝ ነበር። እጅዎን ስሜ አመሰገንኩዎት። እኔም ልሂድለት ብልዎት ክፍሉ ሁለት ሰው አያዞርም፣ ታገሺ አሉኝ። ታገስኩ። እርስዎ እዚያ ሁለት ወር የት እንደተኙ እንኳ አልጠየቅኩም፤ ሰውን ሁሉ የምጠረጥረው እኔ፣ በእርስዎ ላይ ጥርጣሬ ሽው ብሎብኝ አያውቅም።

አሁን ግን ከሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዬ ጠረጴዛው ላይ ነው። በዚህ ወር መጨረሻ ጠቅልዬ ልገባለት ነበር፤ እሱም አያውቅም፣ ድንገት ላስደስተው ብዬ ነው። ተናድጃለሁ፤ ሁለት ቀን አልቅሻለሁም። ለእሱ ገና አንድ መስመር አልጻፍኩም፤ እሱ የሚለውን አውቀዋለሁ። ከእርስዎ አፍ መስማት ነው የፈለግኩት። ደብዳቤውን ልስጥ ወይስ ልቅደደው?

ካልሲውን አድርቄ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አስቀምጬልዎታለሁ። አንድ እግር ብቻ ነውና ብርዱ ሳይጠና ለባለቤቱ ያድርሱልኝ። ልጅ ምን አደረገኝ? ቤቱን እርስዎ ያውቁታል።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ጉልበትዎን ይማርልኝ፤ እጅዎም ይባረክ።

መልስዎ እስኪደርሰኝ ድረስ፣
ምራትዎ